የህንድና የምዕራብ ፍልስፍና በአንድ ክፍል ውስጥ

በህንድ አንዳንድ ግዛቶች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፍልስፍናን እንደ ታሪክ ወይም እንደ ኢኮኖሚክስ መርጦ ሊማር ይችላል። ምዕራብ ቤንጋልና ማሃራሽትራ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ልጆቹ ገና 16 ወይም 17 ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ከሶቅራጥስም ከቡድሃም፣ ከካንትም ከሻንካራም ጋር ይተዋወቃሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንሳይ ፍልስፍናን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በማስተማር ስሟ የገነነ አገር ናት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቿ አራት ሰዓት ቁጭ ብለው የፍልስፍና ፈተና ይጽፋሉ። እዚያም ቢሆን የህንዱ ናጋርጁና ስሙ በሚነበቡት ፈላስፎች ዝርዝር ውስጥ የሰፈረው በቅርቡ፣ በ2019 በወጣው ሥርዓተ ትምህርት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሁለቱን ፍልስፍና ጎን ለጎን ማስቀመጥና አንድ ላይ ማስተማር ግን ይለያያል። የተለመደው አካሄድ ትምህርቱን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ የህንዱ ይመጣል፦ ቬዳ (የህንድ ጥንታዊ ቅዱሳት ጽሑፎች)፣ ቡድሃ፣ ጃይኖች፣ ስድስቱ የአስተሳሰብ ትምህርት ቤቶች። ቀጥሎ የምዕራቡ፦ ፕላቶ፣ ዴካርት፣ ሂዩም፣ ካንት። ተማሪው የመጀመሪያውን ሸምድዶ ይጨርስና ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ሁለቱ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ዓመቱ ያልቃል።

እኔ የምለው ትምህርቱ በጥያቄ ይደራጅ ነው። አንድ ጥያቄ ይቅረብ። ከዚያ ህንዳዊውም፣ ግሪካዊውም፣ ስኮትላንዳዊውም መልሳቸውን ይስጡ፤ እርስ በርስም ይሟገቱ። ይህ ለምን እንደሚሻልና ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ላስረዳ።

ሥር የሰደደው ሥዕል

ብዙ ሰው "የህንድ ፍልስፍና" ሲባል ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ባሕታዊ ነው የሚታየው። "የምዕራብ ፍልስፍና" ሲባል ደግሞ ሎጂክና ሳይንስ። ምሥራቅ መንፈስ፣ ምዕራብ አእምሮ። ተማሪው ይህን ሥዕል ይዞ ነው ክፍል የሚገባው፤ ለሁለት የተከፈለ ትምህርት ደግሞ ያጸናለታል።

ሥዕሉ ከየት መጣ? ጀርመናዊው ሄግል እውነተኛ ፍልስፍና የሚጀምረው ከግሪክ ነው ብሎ አስተምሯል። በ1835 ቶማስ ማኮሌይ የተባለ የእንግሊዝ ባለሥልጣን ስለ ህንድ ትምህርት ማስታወሻ ጻፈ። በማስታወሻው ውስጥ የአንድ ጥሩ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ከህንድና ከአረቢያ ሥነ ጽሑፍ በሙሉ ይበልጣል የሚል ሐሳብ ነበረበት። በህንድ ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ መንገድ ከጠረጉት ጽሑፎች አንዱ ይኸው ማስታወሻ ነው።

ለዚህ ንቀት መልስ የሰጡ ህንዳውያን ምሁራን ብዙ ናቸው። ከሁሉም የሚታወቀው ሳርቬፓሊ ራዳክሪሽናን ነው። በኦክስፎርድ አስተምሯል፤ በኋላም ከ1962 እስከ 1967 የህንድ ፕሬዚዳንት ነበር። የልደት ቀኑ፣ ሴፕቴምበር 5፣ በህንድ የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል። ራዳክሪሽናን የአገሩን ፍልስፍና ለዓለም ሲያስተዋውቅ ያጎላው መንፈሳዊ ጎኑን ነው። ለህንድ ክብር አስገኝቷል። "ምሥራቅ መንፈስ" የሚለውን ሥዕል ግን ይበልጥ አደመቀው። ከዓመታት በኋላ ራዳክሪሽናን በያዘው በዚያው የኦክስፎርድ ወንበር ላይ ቢማል ክሪሽና ማቲላል ተቀመጠ። ማቲላል ሌላ መንገድ ያዘ። የጥንቶቹ ህንዳውያን ስለ ሎጂክ፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ዕውቀት ምንጭ ያደረጉትን ጥብቅ ክርክር አወጣና ከዘመኑ ፈላስፎች ጋር አፋጠጠው።

ለመምህር የሚበጀው የማቲላል መንገድ ነው ባይ ነኝ። ሐቁም ከእርሱ ጋር ነው። በህንድ ውስጥ ቻርቫካ የሚባሉ አሳቢዎች ነበሩ። ነፍስ የለም፣ ከሞት በኋላ ሕይወት የለም፣ ካርማ (የሰው ሥራ የሚያስከትልበት ዋጋ) የለም ብለው በግልጽ ተከራክረዋል። ሳንኽያ የሚባለው ትምህርት ቤት በጥንታዊ መልኩ ፈጣሪ አምላክ ሳያስፈልገው ዓለምን ያስረዳል። ሚማምሳ የሚባለው ትምህርት ቤት ተከታዮች ቬዳን ከማንም በላይ ያከብራሉ፤ ዓለምን ፈጠረ የሚባል አምላክን ግን አይቀበሉም። ተማሪው "አስቲካ" እና "ናስቲካ" የሚለውን ክፍፍል ሲሸመድድ አማኝና ኢ-አማኝ ማለት ይመስለዋል። መለያው ሌላ ነው፤ የቬዳን ሥልጣን መቀበልና አለመቀበል። ይህን አንድ ነጥብ በደንብ ያስረዳ መምህር ብዙ ብዥታ ያጠራል።

ምዕራቡም ቢሆን ደረቅ ሎጂክ ብቻ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን ክርስቲያን ፈላስፋ አንሴልም የአምላክን መኖር ለማረጋገጥ ዝነኛውን መከራከሪያ ያቀረበው እየጸለየ ነው፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ አምላክ የሚቀርብ ጸሎት ነው። ፕላቶም ነፍስ ደጋግማ ወደ ሥጋ እንደምትመለስ ጽፏል። የፕላቶን ጥቅስ ስም ሳይጠሩ ለክፍሉ ቢያነቡት፣ ግማሹ ተማሪ "ይሄ የህንድ ነው" ቢል አይገርመኝም።

ተራራው ላይ ያለው ጭስ

ዓመቱን ለመጀመር ከሁሉ የሚመቸው ጥያቄ "ይህን ከየት አወቅህ?" የሚለው ነው። ልጆች በየቀኑ ይጠያየቁታል። ወሬ ሲሰሙ፣ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ሲያዩ፣ መምህር ሲነግራቸው።

ህንዳውያን ትክክለኛ ዕውቀት የሚገኝበትን መንገድ ፕራማና ይሉታል። ስንት ፕራማና አለ? እዚህ ላይ ነው ጠቡ የሚጀምረው። ቻርቫካዎች አንድ ብቻ አሉ፤ በዓይን ያየኸው፣ በእጅህ የዳሰስከው። ዲግናጋና ዳርማኪርቲ የተባሉት የቡዲስት ሊቃውንት ሁለት አሉ፤ ማየት፣ ከዚያም ምልክት አይቶ መደምደም። ሳንኽያዎች የታማኝ ሰው ቃል ጨምረው ሦስት አደረጉት። ኒያያዎች፣ ማለትም በሎጂክ የታወቀው የኒያያ ትምህርት ቤት ሊቃውንት፣ ማነጻጸርን ጨምረው አራት አሉ። ከዚያ በላይ ቆጥረው አምስትና ስድስት ያደረሱም አሉ። ለተማሪው ቁጥሩ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ክርክሩ ነው። የታማኝ ሰው ቃል ራሱን የቻለ የዕውቀት ምንጭ ነው? ወይስ "ይህ ሰው እስከ ዛሬ አልዋሸኝም" ከሚል ምልክት ተነስቼ የደረስኩበት መደምደሚያ ነው? የተወለድክበትን ቀን ያወቅኸው እንዴት ነው? አላየኸውም፤ ነገሩህ። የ17 ዓመት ልጅ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ይሞቃል።

ከዚያ ወደ ዝነኛው የኒያያ ምሳሌ መግባት ነው። ከሩቅ ተራራ ላይ ጭስ ይታያል። እሳት መኖሩን ለጓደኛህ አስረዳ። ኒያያ በአምስት እርምጃ ያስረዳል። ተራራው ላይ እሳት አለ። ምክንያቱም ጭስ አለ። ጭስ ያለበት ሁሉ እሳት አለ፤ ለምሳሌ ማድ ቤት። ይህ ተራራም እንደዚያው ጭስ አለበት። ስለዚህ ተራራው ላይ እሳት አለ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ "ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ" የሚለውን የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ የወሰደ ኢትዮጵያዊ ወዲያው አንድ ነገር ያስተውላል። የአሪስቶትል ሎጂክ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ ሁለት መነሻ፣ አንድ መደምደሚያ። ታዲያ ኒያያ ለምን አምስት አስፈለገው? የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ አይደሉም ወይ? ጥያቄውን መምህሩ አይመልስላቸው፤ ይተውላቸው። መልሱ ያለው የሁለቱ ዓላማ ላይ ነው። አሪስቶትል የሚመረምረው የመከራከሪያውን ቅርጽ ነው፤ መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው የግድ ይከተላል ወይ? ኒያያ ደግሞ ፊት ለፊት የተቀመጠ የሚጠራጠር ሰው አለው። መጀመሪያ ምን ሊያስረዳው እንደሆነ ይነግረዋል። ምክንያቱን ይሰጠዋል። ሁለቱም በሚያውቁት ምሳሌ ያሳየዋል። ወደ ተያዘው ነገር ይመልሰዋል። በመጨረሻም "አየህ?" ይለዋል። ማድ ቤቱ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ሕጉ ከእውነተኛ ዓለም የተገኘ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

አሁን ክፍሉን ገልብጡት። ጭስ ባለበት እሳት አለ ካልን፣ እሳት ባለበትስ ጭስ አለ? ብዙ ተማሪ ቸኩሎ "አዎ" ይላል። ኒያያዎች እዚህ ላይ ያመጡት ምሳሌ የጋለ የብረት ኳስ ነው። እሳት አለው፤ ጭስ የለውም። በደንብ የተቀጣጠለ የከሰል ፍምም እንዲሁ ነው። ጭሱ የሚመጣው እርጥብ ማገዶ ሲኖር ነው። ይህን የተደበቀ ቅድመ ሁኔታ ፈልጎ ማውጣት የኒያያ ሎጂክ ዋነኛ ሥራ ነው። ልጆቹ ከራሳቸው ኑሮ ምሳሌ ያምጡ። "ጎበዝ ተማሪ ሁሉ መነጽር ያደርጋል።" "እዚያ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያልፋል።" የተደበቀው ማገዶ የቱ ነው? አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በዚህ ቢያልቅ አይቆጨኝም።

ትልቁ ሙግት ግን ገና ነው። ቻርቫካው ይነሳና ይጠይቃል፦ "ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ" ያልከው ሁሉንም ጭስ አይተህ ነው? ያለፈውን፣ የሚመጣውን፣ የሩቁን? አላየህም። ታዲያ ከየት አመጣኸው? ከሌላ ምልክት ከሆነ፣ ያንንስ ከየት አወቅህ?

ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ሲነሳ የሚጠራው ስም ዴቪድ ሂዩም ነው። ሂዩም በ1748 ባወጣው ጽሑፉ ፀሐይ ነገ እንደምትወጣ በምን እርግጠኛ ሆንክ ብሎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ መውጣቷ ለነገ ዋስትና አይሆንም። ነገ እንደ ትናንት ይሆናል ብለን የምናምነው በማስረጃ አይደለም፤ በልማድ ነው አለ። ካንት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ሂዩም ነው ያለውም ስለ ምክንያትና ውጤት ባነሳው በዚህ ጥርጣሬ የተነሳ ነው።

ኒያያዎችስ ምን መለሱ? ከሂዩም ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የነበረው ኡዳያና የሰጠው መልስ በጣም ደስ ይለኛል። መጠራጠር ትችላለህ አለ፤ ነገር ግን ጥርጣሬህ ከገዛ ድርጊትህ ጋር እስኪጋጭ ድረስ ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው የኒያያ ሊቅ ጋንጌሻ እንዳብራራው፣ ጭስ ከእሳት መምጣቱን በእውነት የምትጠራጠር ከሆነ፣ ጭስ ስትፈልግ እሳት ለማንደድ ለምን ትሄዳለህ? በእጅህ የምታምነውን በአፍህ እየካድክ ነው።

አሁን ተማሪው ዳኛ ይሁን። ሂዩምም በጥርጣሬ መኖር እንደማይቻል ያምናል። ነገር ግን መኖር አለመቻሉ እምነቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም ይላል። ኡዳያና ደግሞ ማንም የማይኖርበት ጥርጣሬ ጥርጣሬ ተብሎ መቆጠሩን አይቀበልም። ማን ያሸንፋል? እኔ ወደ ኡዳያና አደላለሁ። ሂዩምን መርጦ በደንብ የሚሟገት ተማሪ ግን ሙሉ ማርክ ይገባዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ "ምሥራቅ መንፈስ፣ ምዕራብ አእምሮ" የሚለው ሥዕል የት ገባ? ማንም አልሰበከም፤ ልጁ ግን ራሱ አይቶታል።

ሦስት ሠረገሎች

ሁለተኛው ጥያቄ "እኔ ማን ነኝ?" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ለመምህር ስጦታ የሆኑ ሦስት አጫጭር ጥንታዊ ጽሑፎች አሉ። ሦስቱም ስለ ሠረገላ ናቸው።

የመጀመሪያው ከቬዳ ጋር ከተያያዙት የፍልስፍና ጽሑፎች አንዱ በሆነው በካታ ኡፓኒሻድ ውስጥ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ናቺኬታ ከሚባል ልጅ ነው። አባቱ ተናዶ "ለሞት ሰጥቼሃለሁ" ይለዋል። ልጁ ወደ ሞት ጌታ፣ ወደ ያማ ቤት ይሄዳል፤ ከሞት በኋላ ምን እንዳለ ይጠይቀዋል። ያማ ሊያዘናጋው ሀብት፣ ረጅም ዕድሜ፣ ደስታ ያቀርብለታል። ናቺኬታ እምቢ ይላል። ጥያቄዬን መልስልኝ ብሎ ድርቅ ይላል። ከተማሪዎቹ ጋር የሚቀራረብ ባለታሪክ ከዚህ በላይ አይገኝም። ያማ ካስተማረው ነገር አንዱ ይህ ነው፦ ሥጋ ሠረገላ ነው፣ የስሜት ሕዋሳት ፈረሶቹ ናቸው፣ ሐሳብ ልጓሙ ነው፣ ማስተዋል ነጂው ነው። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ የሠረገላው ባለቤት ደግሞ አለ፤ እርሱ ተሳፋሪው፣ እውነተኛው ማንነት ነው።

ሁለተኛው የፕላቶ ነው። ነፍስ እንደ ባለክንፍ ሠረገላ ናት ይላል። አንዱ ፈረስ ጨዋ ነው፣ ሌላው አስቸጋሪ ነው፤ ነጂው ሁለቱን አንድ ላይ ለመምራት ይታገላል።

ሦስተኛው ሚሊንዳ በሚባል ንጉሥና ናጋሴና በሚባል የቡድሃ መነኩሴ መካከል የተደረገ ንግግር ነው። ሚሊንዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ምዕራብ ህንድ አካባቢ የገዛው የግሪኩ ንጉሥ ሜናንደር ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግሪክና ህንድን የዛሬ ምሁራን ብቻ አይደሉም ያገናኟቸው፤ ያን ጊዜም በአካል ተገናኝተዋል። ናጋሴና ንጉሡን በምን መጣህ ይለዋል። በሠረገላ። ሠረገላው የቱ ነው? መንኮራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም። ወለሉ ነው? አይደለም። ታዲያ ሠረገላው የት አለ? ንጉሡ "ሠረገላ" እነዚህ ክፍሎች ሲገጣጠሙ የምንሰጠው ስም ነው ይላል። ናጋሴና "እኔም እንዲሁ ነኝ" አለው። አካል፣ ስሜት፣ ሐሳብ አሉ፤ ከእነሱ ውጭ ተቀምጦ የሚጋልብ "ናጋሴና" የለም።

ክፍሉ ሦስቱን ሠረገላ በወረቀት ላይ ይሳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይሰጠው፤ "በየሠረገላው ላይ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ማን ነው?" በፕላቶ ዘንድ ነጂው ነው፤ አመዛዛኙ አእምሮ። በካታ ኡፓኒሻድ አእምሮ ነጂ ብቻ ነው፤ ከኋላው ዝም ብሎ የተቀመጠ ባለቤት አለ። በናጋሴና ዘንድ ወንበሩ ባዶ ነው። ስንት ገጽ ማስታወሻ የሚፈጀው ልዩነት በአንድ ሥዕል ይታያል። ሁለቱ ህንዳዊ ሠረገሎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት፣ አንዱ ከፕላቶ ካለው ርቀት ሊበልጥ እንደሚችልም ልጆቹ ያያሉ።

ወደዚህ ዘመን ማምጣትም ቀላል ነው። ሂዩም ወደ ውስጤ ስመለከት ሙቀት፣ ብርድ፣ ፍቅር፣ ጥላቻ አገኛለሁ እንጂ "እኔ" የሚባል ነገር አላገኝም አለ። ናጋሴና ቢሰማው በደስታ ይስማማል። ጆን ሎክ ደግሞ የሰውን አንድነት የሚጠብቀው ራስን ማወቅና ማስታወስ ነው አለ።

ልጆቹ ወዲያው የሚያነሱት ተቃውሞ አለ። ቋሚ "እኔ" ከሌለ ማን ይቀጣል? ማን ቃል ይገባል? ንጉሥ ሚሊንዳም ይህን ጠይቋል። ናጋሴና ስለ ማንጎ ሌባ ይነግረዋል። ሌባው ተይዞ "ይህ ሰው የተከላቸው ማንጎዎች ሌሎች ናቸው፤ እኔ የወሰድኳቸው ሌሎች ናቸው" ይላል። ያስቀጣዋል ወይስ አያስቀጣውም? ያስቀጣዋል ይላል ንጉሡ፤ ምክንያቱም የኋለኞቹ የመጡት ከፊተኞቹ ነው። አንድ ዓይነት ባይሆኑም የተያያዙ ናቸው። መልሱ ያጠግባል? ክፍሉ ይከራከርበት።

የቡድሃ ታሪክ ለእኛ ንባብ እንግዳ አይደለም። ከእርሱ ሕይወት ተነስቶ፣ በብዙ ቋንቋ ተሻግሮ፣ ክርስቲያናዊ መልክ የያዘው የልዑል ይዋሴፍና የመነኩሴው በራላም ታሪክ በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። ተርጓሚው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም ናቸው።

የአርጁና ጥያቄና ከባዱ ወገን

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ግዴታ ነው። ጊታ ተብሎ በአጭሩ በሚጠራው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ፣ በባጋቫድ ጊታ መጀመሪያ ላይ አርጁና የተባለው ተዋጊ በሁለት ሠራዊት መካከል ቆሞ ያያል። ከወዲያ ያሉት ዘመዶቹና መምህራኑ ናቸው። ቀስቱን ይጥላል፤ አልዋጋም ይላል። የሠረገላው ነጂ ሆኖ አብሮት ያለው አምላክ ክሪሽና ያስረዳዋል፦ ነፍስ አትሞትም፤ የተዋጊ ግዴታህን ፈጽም፤ ሥራህን ሥራ፣ ውጤቱን ግን አትከተል።

መምህራን ይህንን ከካንት ጋር ማጣመር ይወዳሉ፤ ሁለቱም ግዴታን ከውጤት ያስቀድማሉና። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ከቆመ ግን ተማሪውን ያሳስታል። በ1785 የጻፈው ካንት የሚናገረው ማሰብ ለሚችል ፍጡር ሁሉ እኩል ስለሚሠራ ግዴታ ነው። ክሪሽና የሚናገረው በአብዛኛው ስለ አርጁና የራሱ ግዴታ ነው፤ የተዋጊ ወገን ሆኖ በመወለዱ የመጣ ግዴታ። የራስህን ድርሻ በጉድለት መፈጸም የሌላውን አሳምረህ ከመፈጸም ይሻላል የሚለው ቃልም እዚያው አለ።

በህንድ ክፍል ውስጥ ይህ ዝም ብሎ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ልጅ አያቶቿ በካስት (በትውልድ በሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ) ምክንያት ቬዳን መስማት እንኳ የተከለከሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከጎኗ ያለው ልጅ ቤት ጊታ በየማለዳው ይነበባል። ሌላው ሙስሊም ነው፣ ሌላዋ ክርስቲያን። የህንድን ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመራው ቢ. አር. አምበድካር ጊታን አጥብቆ ነቅፏል። በ1956 ከብዙ ተከታዮቹ ጋር ወደ ቡዲዝም ገባ። ጋንዲ በበኩሉ ያንኑ መጽሐፍ ሰው በልቡ ውስጥ የሚያደርገው ትግል አድርጎ አነበበው፤ የሕይወቱ መመሪያም አደረገው። ኢኮኖሚስቱና ፈላስፋው አማርትያ ሴን ደግሞ የአርጁናን ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ አንዝጋው ይላል፤ የሚሞተው ሰው ብዛት ግድ ሊሰጠን ይገባል።

ጋንዲን ብቻ ማስተማርም፣ አምበድካርን ብቻ ማስተማርም ማታለል ነው። በ2020 የወጣው የህንድ ብሔራዊ የትምህርት ፖሊሲ የአገሩ ዕውቀት በትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲካተት ይላል። ጥሩ ነው። የማኮሌይ ንቀት መታረም አለበት። የምሰጋው ንቀቱ በኩራት ብቻ እንዳይተካ ነው። ኡዳያናን እያወደሱ ቻርቫካውን መዝለል፣ ጊታን እያነበቡ አምበድካርን መደበቅ የህንድን ፍልስፍና ራሱን መካድ ነው። ያ ፍልስፍና ያደገው በተቃዋሚዎቹ ነውና። በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ጋርጊ የምትባል ሴት ሊቁን ያጅናቫልክያን በጉባኤ ፊት ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደራረበች ትይዘዋለች። በመጨረሻ "ከዚህ በላይ አትጠይቂ፣ ራስሽ ይፈነዳል" እስኪላት ድረስ። ትንሽ ቆይታም ተመልሳ ትጠይቀዋለች። ልጃገረዶች ያሉበት ክፍል ይህን ታሪክ ሳይሰማ መውጣት የለበትም።

ለክፍሉ የሚሆን ሕግ

ኒያያዎች ክርክርን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። ቫዳ እውነትን ለማግኘት የሚደረግ ነው። ጃልፓ ለማሸነፍ ብቻ የሚደረግ ነው። ቪታንዳ የሚባለው ደግሞ የራስ አቋም ሳይዙ የሌላውን ማፍረስ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ እርስ በርስ መታረም ይጀምራሉ። "አሁን ያደረግኸው ጃልፓ ነው" ማለት ስድብ ሳይሆን ማረሚያ ይሆናል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያዩትን ጭቅጭቅም በዚሁ ሚዛን ይመዝኑታል።

ሌላው ፑርቫፓክሻ የሚባለው ልማድ ነው። የራስህን አቋም ከማቅረብህ በፊት የተቃዋሚህን አቋም ታቀርባለህ፤ እርሱ ራሱ "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" በሚልበት መልኩ። የቻርቫካዎች ጽሑፍ አብዛኛው ጠፍቷል። ስለ እነሱ የምናውቀውን ያህል ያወቅነው ተቃዋሚዎቻቸው ሊሞግቷቸው ሲሉ ሐሳባቸውን ስለጻፉ ነው። በዚህ መንገድ የተላለፈ ሐሳብ ሊዛባ እንደሚችልም ለተማሪው መንገር ያስፈልጋል።

የሳንስክሪት ቃላት ብዛት ልጆችን ያስፈራል። በዓመት አሥራ አምስት ያህል በደንብ ቢይዙ ይበቃል፤ የግሪኩንና የላቲኑንም እንዲሁ። ጽሑፎቹም ከአንድ ገጽ ባይበልጡ ጥሩ ነው። ናቺኬታን፣ የናጋሴናን ሠረገላ፣ የሂዩምን ሁለት አንቀጽ በራሳቸው ቃል ያነበበ ልጅ ስለ ሃያ ፈላስፋ ማጠቃለያ ካነበበው ይበልጣል።

የቀረው ፈተናው ነው፤ ሁሉንም የሚያበላሸውም እሱ ሊሆን ይችላል። "የኒያያን አምስት እርምጃዎች ዘርዝር" የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ መምህሩ ምንም ቢደክም ልጁ የሚሸመድደው ዝርዝሩን ነው። እኔ ብጠየቅ የማወጣው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ "አንድ ሰው ከ30 ዓመት በፊት በሠራው ወንጀል ፍርድ ቤት ቀረበ። ድርጊቱን ጨርሶ አያስታውስም። ናጋሴና፣ ሎክና የካታ ኡፓኒሻድ ሠረገላ ስለዚህ ሰው ምን ይላሉ? ከእነዚህ አንዱን ምረጥና ተሟገትለት።" ከማርኩ ግማሹ ተማሪው ያልመረጣቸውን ሁለቱን ሐሳቦች በቅንነት ላቀረበበት ይሁን። ሌላው ግማሽ ለራሱ መከራከሪያ ጥንካሬ። ማንን መረጠ ለሚለው ምንም ማርክ አይሰጥም።